አህያው ቆሞ ዳውላው ሲደበደብ፦ ስለ ኩባንያ «ሰውነት» እና ስለ ምርጫ ገንዘብ ለቀረበ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በየቴሌግራሙና በየፌስቡኩ ሲዞር የከረመ አንድ ጽሑፍ አለ። ለእኔ ብቻ አራት ሰው ልኮልኛል። ጉዳዩ የአሜሪካ ፖለቲካና ገንዘብ ነው። በጥሩ ብዕር የተጻፈ ነው። ቁጭቱም የእውነት ነው፤ እኔም እጋራዋለሁ። መደምደሚያው ግን ስሕተት ይመስለኛል። ስሕተቱ ደግሞ ሰውን ሁሉ ወደማይሆን በር የሚያስሮጥ ስለሆነ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ላላነበባችሁት ፍሬ ነገሩን ላስቀምጥ። ጸሐፊው አምስት ነገር ይላሉ። አንደኛ፣ በ1886 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ኩባንያን «ሰው» ያደረገው በአንድ የፍርድ ቤት ሠራተኛ ተንኮል ነው። ሁለተኛ፣ በ2010 ሲቲዝንስ ዩናይትድ በተባለው መዝገብ የተሰጠው ፍርድ የቆመው በዚሁ «ኩባንያ ሰው ነው» በሚል ውሸት ላይ ነው። ሦስተኛ፣ ከዚያ ወዲህ ኩባንያዎች ገንዘባቸውን እያፈሰሱ ምርጫን ይገዛሉ። አራተኛ፣ መድኃኒቱ «በሕገ መንግሥቱ የተጠበቁ መብቶች የተፈጥሮ ሰው ብቻ ናቸው» የሚል ማሻሻያ ማጽደቅ ነው። አምስተኛ፣ ይህን የሚቃወም ሁሉ አውቆም ይሁን ሳያውቅ ለባለሀብት የቆመ ነው። ጽሑፉ የሚያልቀው ማሻሻያውን ለሚጠይቅ አቤቱታ ፊርማ በመለመን ነው።

በቅንነት ያጠቃለልኩ ይመስለኛል። አሁን አንድ በአንድ እንሂድ። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የ1886ቱ ታሪክ

እዚህ ላይ ጸሐፊው ያሉት ባብዛኛው ልክ ነው። ካሊፎርኒያ ሳውዘርን ፓስፊክ በተባለው የባቡር ኩባንያ ላይ ግብር ጣለች። ክርክሩ «የሐዲዱ አጥር ግብር ይከፈልበታል ወይስ አይከፈልበትም?» እስከሚል ድረስ የወረደ ነበር። ዳኞቹም መዝገቡን የዘጉት በዚሁ በአጥሩ ነው። የሕገ መንግሥቱ 14ኛ ማሻሻያ ለማንኛውም ሰው የሚሰጠው እኩል የሕግ ጥበቃ ለኩባንያም ይደርሳል ወይ የሚለውን ጥያቄ በፍርዱ ውስጥ አልወሰኑም። ነገር ግን ዋና ዳኛው ሞሪሰን ዌይት ክርክሩ ከመጀመሩ በፊት፣ ድንጋጌው ኩባንያዎችን እንደሚመለከት ሁላችንም እናምናለን፣ በዚህ ላይ ክርክር መስማት አንፈልግም የሚል ቃል ተናገሩ። የፍርድ ቤቱ ዘጋቢ ባንክሮፍት ዴቪስም ይህንን በፍርዱ ራስጌ በሚታተመው ማጠቃለያ ላይ አስገባው። ሰውየው ቀደም ሲል የባቡር ኩባንያ ኃላፊ ነበር። ራስጌ ማጠቃለያ ሕግ አይደለም። ሕግ ሆኖ ግን ኖረ።

የሚያመው ሌላው ነገር ነው። 14ኛው ማሻሻያ በ1868 የጸደቀው ከባርነት ለወጡት ጥቁሮች ጥበቃ እንዲሆን ነው። ከሳውዘርን ፓስፊክ መዝገብ ከ10 ዓመት በኋላ፣ በ1896፣ ይኸው ፍርድ ቤት በፕሌሲ መዝገብ ጥቁርና ነጭ በባቡር ለየብቻ ይቀመጡ የሚለውን ሕግ አጸደቀ። ለባቡር ኩባንያው የተዘረጋው ጥበቃ በባቡሩ ለሚሳፈረው ጥቁር ተነፈገ። ጸሐፊው በዚህ ቢቆጡ ይገባቸዋል።

ተንኮሉ ባይኖር ኖሮ ግን ነገሩ ይቀር ነበር ማለት አይደለም። በ1888 ፔምቢና በተባለ የማዕድን ኩባንያ መዝገብ ፍርድ ቤቱ ራሱ፣ በራሱ ፍርድ ውስጥ፣ «ሰው» የሚለው ቃል የግል ኩባንያን እንደሚጨምር ጥርጥር የለውም ብሎ ጻፈ። ይህ የዘጋቢ ማጠቃለያ አይደለም፤ የዳኞች ቃል ነው። የኩባንያ የሕግ ሰውነት ራሱ ደግሞ ከዚያም እጅግ ይቀድማል። በ1819 በዳርትመዝ ኮሌጅ መዝገብ ዋና ዳኛ ጆን ማርሻል ኩባንያን «ሰው ሠራሽ የሆነ፣ የማይታይ፣ የማይዳሰስ፣ በሕግ ዓይን ብቻ የሚኖር» ብለው ገልጸውት ነበር። ስለዚህ የ1886ቱን ወረቀት ብንቀድደውም ቤቱ አይፈርስም።

እዚህ ላይ አማርኛችን ራሱ ያግዘናል። እኛ «የሕግ ሰውነት» እንላለን። ኩባንያ ሰው ነው አንልም፤ የሕግ ሰውነት አለው እንላለን። አለው ማለት ሊዋዋል፣ ንብረት ሊይዝ፣ ሊከስስና ሊከሰስ ይችላል ማለት ነው። ነፍስ አለው ማለት አይደለም። ጸሐፊው «ኩባንያ ሰው ተደረገ» እያሉ ሲደጋግሙ ሁለቱ ይደበላለቃሉ።

ደግሞም የሕግ ሰውነት መኖር መብትን ሁሉ ጠቅልሎ አይሰጥም። የአሜሪካ ፍርድ ቤቶች ይህን ደጋግመው አሳይተዋል። በ1869 ኩባንያ «ዜጋ» ለሚለው የሕገ መንግሥቱ ጥበቃ አይበቃም ተባለ። በ1906 ኩባንያ በራሱ ላይ ያለመመስከር መብት የለውም ተባለ። በ2011 የስልክ ኩባንያው ኤቲ ኤንድ ቲ «የግል ሕይወቴ ይጠበቅልኝ» ብሎ ሲከራከር ዳኞቹ ሁሉ በአንድ ድምፅ አይሆንም አሉት። መብት በመብት እየተመዘነ ነው የሚሄደው። ሰውነቱን ሳይነኩ መብቱን መገደብ ይቻላል፤ ሲደረግም ኖሯል።

የ2010 ፍርድ ምን ላይ ቆመ?

ዋናው ልዩነታችን እዚህ ላይ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ታገሡኝ።

ሲቲዝንስ ዩናይትድ ለትርፍ ያልተቋቋመ ድርጅት ነው። በ2008 በሂላሪ ክሊንተን ላይ የሚነቅፍ ፊልም ሠርቶ በኬብል ቴሌቪዥን ሊያሳይ ፈለገ። የ2002ቱ የምርጫ ሕግ ደግሞ ኩባንያዎችና የሠራተኛ ማኅበራት ከቅድመ ምርጫ በፊት ባሉት 30 ቀናት፣ ከዋናው ምርጫ በፊት ባሉት 60 ቀናት፣ ዕጩን የሚጠቅስ ስርጭት በካዝናቸው ገንዘብ እንዳያሠሩ ይከለክል ነበር። በመጀመሪያው ችሎት፣ በመጋቢት 2009፣ ዳኞቹ የመንግሥትን ጠበቃ ስለ መጽሐፍ ጠየቁት። ኩባንያ በካዝናው ገንዘብ ዕጩን ደግፉ የሚል መጽሐፍ ቢያሳትም ሕጉ ሊከለክለው ይችላል ወይ አሉት። ጠበቃው ሕገ መንግሥቱ ይፈቅዳል የሚል መልስ ሰጠ። ችሎቱን ያናወጠው ይህ መልስ ነው። ጸሐፊው ይህን ክፍል ዘለውታል። መዝለል አልነበረባቸውም፤ ያለዚህ የአምስቱን ዳኞች ስጋት መረዳት አይቻልም።

ፍርዱ በጥር 2010 አምስት ለአራት ተሰጠ፤ ክልከላው ተሻረ። የጻፉት ዳኛ አንተኒ ኬኔዲ ናቸው። ፍርዱን ከፍታችሁ አንብቡት። «ኩባንያ ሰው ስለሆነ የመናገር መብት አለው» የሚል ክርክር አታገኙበትም። ያለው ሌላ ነው። የመጀመሪያው ማሻሻያ «ኮንግረስ የመናገር ነፃነትን የሚያጠብብ ሕግ አያወጣም» ይላል። ሰው የሚል ቃል የለበትም። ዳኛ አንቶኒን ስካሊያም በተናጠል ሲጽፉ፣ ማሻሻያው የተጻፈው ስለ ንግግር እንጂ ስለ ተናጋሪ አይደለም አሉ። አካሄዱ ይህ ነው፤ የሚጠበቀው ንግግሩ ነው፣ ተናጋሪው ማን ይሁን ማን ለውጥ የለውም። ይኸው አስተሳሰብ በ1978 በቦስተን አንድ ባንክ ባቀረበው መዝገብ ላይም ነበር። ስለዚህ ኩባንያን ከ«ሰው» መዝገብ ብትፍቁት ይህ ክርክር ንክች አይልም።

በልዩነት የጻፉት ዳኛ ጆን ፖል ስቲቨንስ ኩባንያ ሕሊና የለውም፣ እምነት የለውም፣ ስሜት የለውም፣ ሐሳብ የለውም፣ ምኞት የለውም ብለዋል። ጸሐፊው ይህንን ጠቅሰዋል፤ ጥሩ አድርገዋል። እኔም ከስቲቨንስ ጋር ነኝ። ፍርዱ ስሕተት ነው ብዬ አምናለሁ። ስሕተቱ ግን ሌላ ቦታ ነው ያለው። ኬኔዲ በዚያው ፍርድ ውስጥ፣ ከዕጩው ጋር ሳይመካከሩ በተናጠል የሚወጣ ገንዘብ ሙስናን ወይም የሙስና መልክን አያስከትልም ብለው ጻፉ። ከዕጩ ዘንድ መወደድና መቅረብም ሙስና አይደለም አሉ። መርዙ ያለው በእነዚህ ዓረፍተ ነገሮች ውስጥ ነው።

እውነት አያስከትልም? አንድ መዝገብ ላሳያችሁ። ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ ሂው ኬፐርተን የሚባል ሰው ትንሽ የድንጋይ ከሰል ኩባንያ ነበረው። ማሲ የተባለው ትልቅ የከሰል ኩባንያ ንግዴን በማጭበርበር አጠፋብኝ ብሎ ከሰሰ። በ2002 የሕዝብ ዳኞች 50 ሚሊዮን ዶላር ፈረዱለት። ማሲ ይግባኝ ከማቅረቡ በፊት የግዛቲቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የዳኞች ምርጫ ደረሰ፤ እዚያ ዳኛ በሕዝብ ድምፅ ነው የሚመረጠው። የማሲ አለቃ ዶን ብላንከንሺፕ ብሬንት ቤንጃሚን የተባለ ጠበቃ እንዲመረጥ 3 ሚሊዮን ዶላር አወጣ። ለዕጩው በቀጥታ የሰጠው 1,000 ዶላር ብቻ ነው፤ ሕጉ የሚፈቅደው ጣሪያ ያ ነበር። የቀረው ሁሉ በተናጠል የወጣ ነው። ቤንጃሚን አሸነፈ። በ2007 ይግባኙ ሲወሰን ችሎቱ ላይ ተቀመጠ። ኬፐርተን ዳኛው ይነሳልኝ ብሎ ለመነ። አልተነሳም። የ50 ሚሊዮኑ ፍርድ ሦስት ለሁለት ተሻረ፤ ከሦስቱ አንዱ ቤንጃሚን ነበር።

ኬፐርተን እስከ ዋሽንግተን ሄደ። በሰኔ 2009 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አምስት ለአራት ፈረደለት፤ እንዲህ ባለ ሁኔታ ዳኛው መነሳት ነበረበት፣ አድልዎ የመኖሩ ስጋት ከልክ አልፏል አለ። ያን ፍርድ የጻፉት ማን ናቸው? አንተኒ ኬኔዲ። ስምንት ወር ባልሞላ ጊዜ ውስጥ በተናጠል የሚወጣ ገንዘብ የሙስና መልክ እንኳ አያመጣም ብለው የጻፉትም እሳቸው ናቸው። ሰው በበላበት ይጮኻል ይባላል። ዳኛ ላይ የሚሠራ ነገር ሕግ አውጪ ላይ የማይሠራበት ምክንያት አይታየኝም።

ጸሐፊው ብዕራቸውን እዚህ ላይ ቢያሳርፉ ኖሮ ምንኛ ደስ ባለኝ። ኬፐርተን ራሱ የተከራከረው ከገዛ ኩባንያዎቹ ጎን ቆሞ ነው። ትንሹ ሰው ትልቁን መክሰስ የቻለው በሕግ ሰውነት ነው። ችግሩ የነበረው 3 ሚሊዮኑ ዶላር ነው።

ገንዘቡ የማን ነው?

ጸሐፊው ኩባንያዎች ገንዘባቸውን ያፈስሳሉ ይላሉ። በመጀመሪያ አንድ ነገር ይታረም። ኩባንያ ለፌዴራል ዕጩ በቀጥታ ገንዘብ እንዳይሰጥ የሚከለክለው የ1907 ሕግ ዛሬም አለ። የ2010 ፍርድ አልሻረውም። ኩባንያ ከ2010 በኋላ የተፈቀደለት በተናጠል ማውጣት ነው።

ታዲያ በሱፐር ፓክ ውስጥ፣ ማለትም ያለ ጣሪያ ገንዘብ ሰብስቦ በተናጠል በሚያወጣ የፖለቲካ ስብስብ ውስጥ፣ ትልልቁን ቼክ የሚፈርመው ማነው? ባብዛኛው ግለሰብ ነው። በ2012 የካዚኖ ባለሀብቱ ሼልደን አደልሰንና ባለቤቱ ከ90 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሰጡ። በ2024 ኢሎን መስክ ዶናልድ ትራምፕን ለመደገፍ ከ250 ሚሊዮን ዶላር በላይ አወጣ። አደልሰንም መስክም የተፈጥሮ ሰዎች ናቸው። እናት የወለደቻቸው ናቸው። የጸሐፊው ማሻሻያ ነገ ቢጸድቅ እንደ እነሱ ካለ ባለሀብት ብር አንድ ሳንቲም አይነካም። እንዲያውም ሌላው ሁሉ አፉ ሲዘጋ እንዲህ ያሉ ባለሀብቶች ብቻቸውን ይቀራሉ።

ሱፐር ፓክን የወለደው መዝገብ ደግሞ ሲቲዝንስ ዩናይትድ ራሱ አይደለም። በመጋቢት 2010 በዋሽንግተን የይግባኝ ፍርድ ቤት የተወሰነው የስፒችናው መዝገብ ነው። እስከዚያ ድረስ ግለሰብ ለእንዲህ ዓይነት የፖለቲካ ስብስብ በዓመት ከ5,000 ዶላር በላይ መስጠት አይችልም ነበር። ፍርድ ቤቱ ጣሪያውን አነሳው። በምን ምክንያት? ኬኔዲ በተናጠል የሚወጣ ገንዘብ አያበላሽም ብለዋልና። ከሳሹ ስፒችናው ደግሞ ኩባንያ እንኳ አልነበረም። በኩባንያነት ያልተመዘገበ የሰዎች ማኅበር ነበር፤ ከጎኑ የቆሙት ገንዘብ ልንሰጥ እንፈልጋለን የሚሉ ግለሰቦች ናቸው። የዛሬውን ጎርፍ የለቀቀው መዝገብ ስለ ኩባንያ ሰውነት አንድም ጥያቄ አልነበረበትም ማለት ነው።

ከዚያ ጀርባ ደግሞ የ1976ቱ የባክሊ ፍርድ አለ። ከዎተርጌት ቅሌት በኋላ በ1974 ኮንግረስ ለዕጩ በሚሰጠውም በምርጫ ላይ በሚወጣውም ገንዘብ ላይ ጣሪያ አድርጎ ነበር። ፍርድ ቤቱ የሚሰጠውን ይገደብ አለ፤ የሚወጣውን ግን አትገድቡ አለ። ሀብታም ከኪሱ ያለ ልክ እንዲያወጣ የተፈቀደለት ያን ጊዜ ነው። በጸሐፊው ጽሑፍ ውስጥ 1976 የሚል ቁጥር አንድ ቦታ እንኳ የለም። አህያው ያለው እዚያ ነው፤ የሚደበደበው ግን ዳውላው ሆኗል።

«ምርጫን ይገዛሉ» የሚለውም እንዲሁ መስተካከል አለበት። በ2016 ለፕሬዚዳንትነት የተወዳደረውን ጄብ ቡሽን የደገፈው ሱፐር ፓክ ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሰብስቦ ሰውየው በየካቲት ከውድድሩ ወጣ። በ2020 ለዚሁ ሥልጣን የተወዳደረው ማይክል ብሉምበርግ ከኪሱ ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ አውጥቶ ያሸነፈው በአሜሪካን ሳሞዋ ብቻ ነው። በ2025 መስክ በዊስኮንሲን የዳኛ ምርጫ ብዙ ሚሊዮን አፍስሶ የደገፈው ሰው ተሸነፈ። ድምፅ እንደ ሸቀጥ አይገዛም። ገንዘብ የሚገዛው ሌላ ነገር ነው፦ የስልክ መልስ፣ የስብሰባ ወንበር፣ በረቂቅ ሕግ ውስጥ አንድ አንቀጽ። ለዚህ ነው በመሸነፍና በማሸነፍ ብቻ መለካት የሌለበት።

አንድ ነገር ግን ለጸሐፊው መስጠት አለብኝ። ኩባንያ አይሠራውም አላልኩም። ኦሃዮ ውስጥ የሆነው በግልጽ የሚታይ ነው። ፈርስትኢነርጂ የተባለው የመብራት ኩባንያ የኒውክሌር ጣቢያዎቹ ከስረውበት ነበር። ወደ 60 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ገንዘብ ለጋሾቹን ማሳወቅ በማይገደድ ድርጅት በኩል የግዛቲቱ ምክር ቤት አባል ወደነበረው ላሪ ሃውስሆልደር ፈሰሰ። በዚያ ገንዘብ የእሱ ሰዎች በ2018 ተመረጡ፤ እነሱም በ2019 አፈ ጉባኤ አደረጉት። በዚያው ዓመት ከመብራት ተጠቃሚው ኪስ ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ የሚሰበስብ የድጎማ ሕግ ወጣ። ሕዝቡ ሕጉን በሕዝበ ውሳኔ ልሻር ብሎ ፊርማ ማሰባሰብ ሲጀምር ያንን ለማጨናገፍ ሌላ ገንዘብ ወጣ። ሃውስሆልደር በ2020 ተያዘ፤ በ2023 የ20 ዓመት እስራት ተፈረደበት።

ይህን ያስቻለው ምንድን ነው? የገንዘቡ ልክ አለመኖርና የለጋሹ ስም መደበቅ ነው። የ2010 ፍርድ ራሱ ስም ይገለጥ የሚለውን ስምንት ለአንድ ነው ያጸናው። ይህን ስንቱ ያውቃል? ኮንግረስ ነገ ጠዋት እነዚያ ድርጅቶች ለጋሾቻቸውን ይግለጡ የሚል ሕግ ቢያወጣ ሕገ መንግሥት መንካት አያስፈልገውም። ፈርስትኢነርጂም በጉዳዩ ከዐቃቤ ሕግ ጋር ተስማምቶ 230 ሚሊዮን ዶላር ቅጣት ተቀበለ። የሕግ ሰውነት ባይኖረው ማን ላይ ይጣል ነበር?

መድኃኒቱ

«መብቶቹ የተፈጥሮ ሰው ብቻ ናቸው» የሚለው ዓረፍተ ነገር ሲሰሙት ደስ ይላል። በኮንግረስም በየጊዜው የሚቀርብ ሐሳብ ነው። ነገር ግን በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ እንዳይሆን።

በ1956 የአላባማ ዐቃቤ ሕግ የጥቁሮች መብት ተሟጋች የሆነውን ኤንኤኤሲፒን ከግዛቲቱ ሊያስወጣ ከሰሰ። ሰበቡ ምን ነበር? ድርጅቱ በኒው ዮርክ የተቋቋመ ሆኖ ሳለ በአላባማ እንደ ውጭ ድርጅት አልተመዘገበም የሚል ነው። ከዚያ የአባላቱን ስም ዝርዝር አምጡ አለ። በዚያ ዘመን በአላባማ ስም መውጣት ማለት ከሥራ መባረር ነው፤ ቤት መቃጠል ነው፤ ከዚያም በላይ ነው። ድርጅቱ ሌላውን ሰነድ አቅርቦ የስም ዝርዝሩን ግን አልሰጥም አለ። መጀመሪያ 10,000 ዶላር፣ ቀጥሎ 100,000 ዶላር ተቀጣ። በ1958 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በአንድ ድምፅ ለድርጅቱ ፈረደ።

መብቱ የአባላቱ ነው እንጂ የድርጅቱ አይደለም ልትሉ ትችላላችሁ። ትንሽ እውነት አለበት። ግን አስቡት፤ አባላቱ በየስማቸው ፍርድ ቤት ቢቆሙ ስማቸው ወጣ ማለት ነው። የሚደብቃቸው ድርጅቱ ነበር። በ1963 ደግሞ በቨርጂኒያው መዝገብ ፍርድ ቤቱ፣ ኤንኤኤሲፒ ኩባንያ ቢሆንም የራሱን መብት ይዞ መከራከር ይችላል ብሎ በግልጽ ጻፈ። የጸሐፊው ማሻሻያ ይህንን መስመር ይሰርዘዋል።

ጋዜጣም እንዲሁ ነው። በ1964 የሱሊቫን መዝገብ፣ አንድ የአላባማ ሹም ባስመሰረተው የስም ማጥፋት ክስ 500,000 ዶላር የተፈረደበት ኒው ዮርክ ታይምስ ኩባንያ ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ያንን ፍርድ ባይሽር ኖሮ ስለ ደቡቡ ግፍ የሚጽፍ ጋዜጣ ባልቀረ ነበር። ጸሐፊው «ፕሬሱን እንለየዋለን» ሊሉ ይችላሉ። ማን ፕሬስ እንደሆነ የሚወስነው ግን ሥልጣን ላይ ያለው ነው። ያን ቁልፍ በዛሬው ፖለቲካ ለማን ይሰጡታል?

ከዚያ ደግሞ ሌላው ገጽ አለ፤ ተጠያቂነት። በኅዳር 2018 ካሊፎርኒያ ውስጥ ፓራዳይዝ የምትባል ከተማ በሰደድ እሳት ነደደች። 85 ሰው ሞተ። እሳቱን የጫረው ፒጂ ኤንድ ኢ የተባለው የመብራት ኩባንያ መስመር ነው፤ ወደ 100 ዓመት የሚጠጋ ዕድሜ ያለው አንድ የብረት መንጠቆ ተበልቶ ተበጠሰ። በሰኔ 2020 ኩባንያው ከሟቾቹ በ84ቱ ሞት ተከሶ ፍርድ ቤት ቀረበ። ዳኛው የሟቾቹን ስም አንድ በአንድ ጠሩ። ፎቷቸው በስክሪን ላይ ይታይ ነበር። የኩባንያው ሥራ አስኪያጅ በእያንዳንዱ ስም «ጥፋተኛ» አለ። 84 ጊዜ።

ያን ቀን ተከሳሽ ሆኖ የቀረበው ያ የማይታይ፣ የማይዳሰስ አካል ነው። የሕግ ሰውነት ባይኖረው ስማቸው በዚያ ችሎት አይጠራም ነበር። አዎ፣ ማንም አልታሰረም። የወንጀሉ መቀጫም 3.5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ብቻ ነበር። ይህ ያንገበግበኛል። መልሱ ግን ከኩባንያው ጎን አለቆቹንም መክሰስ ነው። ኩባንያውን ከተከሳሽ ሳጥን ማውጣት ለሟቾቹ ቤተሰብ ምን ይጠቅማል?

ጸሐፊው «ማሻሻያው የሕገ መንግሥት መብትን ብቻ ነው የሚያነሳው፤ በተራ ሕግ መክሰስና መከሰሱ ይቀጥላል» ብለው ሊመልሱልኝ ይችላሉ። ትክክል ነው፤ ይህን አምናለሁ። ነገር ግን እንዲያ ከሆነ ጽሑፋቸው «የኩባንያ ሰውነት ይሻር» ማለት የለበትም። ደግሞ የተከሳሽ መብት የሌለው ተከሳሽ ላይ የሚሰጥ ፍርድ ምን ዓይነት ፍርድ ነው? ያለ ካሳ ንብረቱ የሚወሰድ፣ ያለ ማዘዣ ቢሮው የሚበረበር ድርጅት ማለት እኮ ትልቁ ባንክ ብቻ አይደለም። የስደተኞች መረዳጃ ማኅበሩም፣ ቤተ ክርስቲያኑም፣ መስጊዱም፣ የሠራተኛ ማኅበሩም እዚያው ውስጥ ናቸው። ትልቁ ባንክ ጠበቃ አያጣም። ሌሎቹ ያጣሉ።

የሚቃወም ሁሉ ለባለሀብት ቆሟል?

ይህን በአጭሩ ልለፈው። እኔ ከማንም ኩባንያ ሳንቲም አልተቀበልኩም፤ የ2010ንም ፍርድ አልደግፍም። በአንድ ችግር ተስማምቶ በመፍትሔው መለያየት የተለመደ ነው። ጸሐፊው በሌላው ክፍል ሁሉ ጨዋ ሆነው ሳለ እዚህ ላይ ብቻ ከጨዋነታቸው ወረድ ብለዋል።

አቤቱታው

የሕገ መንግሥት ማሻሻያ በቀላሉ የሚገኝ ነገር አይደለም። በሁለቱም ምክር ቤቶች ሁለት ሦስተኛ ድምፅ፣ ከዚያ 38 ግዛቶች ይፈልጋል። ያን ያህል ድካም የሚደከም ከሆነ ዒላማው ልክ ይሁን። በ2014 ሴኔት ውስጥ ሌላ ዓይነት ማሻሻያ ቀርቦ ነበር። ዋና ሐሳቡ ኮንግረስና ግዛቶች በምርጫ ላይ የሚሰበሰብና የሚወጣ ገንዘብን በአግባቡ መገደብ ይችላሉ የሚል ነው። ወደ ፊት ለመሄድ 60 ድምፅ ያስፈልገው ነበር፤ 54 ለ42 ሆኖ ቀረ። ያኛው 1976ንም 2010ንም በአንድ ላይ ይነካል። መስክንም ማሲንም ይነካል።

እስከዚያው ደግሞ በእጅ ያለውን መሥራት ይቻላል። ሲያትል በ2015 በሕዝብ ድምፅ አንድ ነገር ጀመረች። ለከተማዋ ነዋሪዎች አራት ኩፖን ይላካል፤ እያንዳንዱ 25 ዶላር ነው። ነዋሪው ለፈለገው የከተማ ዕጩ ይሰጠዋል። ከኪሱ ለዕጩ ሰጥቶ የማያውቅ ሰው ለጋሽ ሆነ ማለት ነው። ዕጩውም የባለሀብት ግብዣ ብቻ ሳይሆን የተራውን ሰው በር ማንኳኳት ያዋጣዋል። የኩባንያን ሰውነት ማንም አልነካም።

ስለዚህ ለጸሐፊው አንድ ጥያቄ አለኝ። በአቤቱታዎ ላይ «መብቶቹ የተፈጥሮ ሰው ብቻ ናቸው» የሚለውን ያንሱት። በምትኩ «ምንጩ ግለሰብም ይሁን ድርጅት፣ በምርጫ ላይ የሚሰበሰብና የሚወጣ ገንዘብ በሕግ ይገደብ፣ የለጋሹም ስም ይገለጥ» ብለው ይጻፉበት። ሊንኩን ዳግመኛ ሲልኩልኝ ያን ዕለት እፈርማለሁ፤ ጽሑፉን ለላኩልኝ ለአራቱም ሰዎች እኔው ራሴ አስተላልፈዋለሁ።